ስድስት ሰው በአንድ ብርሃን፦ የሬምብራንትን የቡድን ምስል በመቅዳት የዘይት ቀለም መማር

የዘይት ቀለም መማር የሚፈልግ ሰው አንድ ትልቅ ሥዕል መርጦ ከሸራው መሠረት እስከ መጨረሻዋ የብርሃን ነጥብ ቢቀዳ፣ ብዙ ትንንሽ ልምምዶችን ጀማምሮ ከመተው የበለጠ ይማራል። መቅዳት ለሥዕላችን እንግዳ አይደለም። ከሮማ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን የመጣችውን የእመቤታችንን ሥዕል የጎንደር ዘመን ሠዓሊዎች እየቀዱ የራሳቸው አድርገዋታል። ለዚህ መመሪያ የመረጥነው ግን የሆላንዱ ሠዓሊ ሬምብራንት እ.ኤ.አ. በ1662 ለአምስተርዳም የጨርቅ ማኅበር የሣለውን የጨርቅ መርማሪዎች የቡድን ምስል ነው። ዛሬ የሚገኘው አምስተርዳም፣ ራይክስ ሙዚየም ውስጥ ነው። አምስቱ ሰዎች የተነከረ ጨርቅ ጥራቱን የሚመረምሩ ሹማምንት ናቸው፤ ስድስተኛው፣ ኋላ ባዶ ራሱን የቆመው፣ የማኅበሩ አገልጋይ ነው።

ይህን ሥዕል የመረጥነው ቀለሙ ጥቂት፣ ትምህርቱ ግን ብዙ ስለሆነ ነው። ጥቁር ልብስ፣ ጥቁር ባርኔጣ፣ ነጭ ኮሌታ፣ ቡናማ የእንጨት ግድግዳና አንድ ቀይ ምንጣፍ፤ ከዚህ ሌላ ምንም የለም። ብርሃኑ ከግራ በኩል ይመጣል፤ ስድስቱም ፊቶች የሚበሩት በዚያው ብርሃን ነው። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። አብዛኛው ተማሪ አንዱን ፊት ጨርሶ አሳምሮ ወደ ሁለተኛው ይሄዳል። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ የቀለም ቅይጡ ተለውጧል፣ ዓይኑ ለምዷል፣ የብርሃኑ ደረጃ ከፍ ብሏል። ሥራው ሲያልቅ ስድስቱ ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ አይመስሉም። ስለዚህ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚሠራ አንድ ሕግ አለ፦ ስድስቱም አብረው ይጀመራሉ፣ አብረው ይደርቃሉ፣ አብረው ያልቃሉ።

ሥዕሉን ማወቅ

ብሩሽ ከማንሳታችሁ በፊት ሥዕሉን በደንብ አጥኑት። የጠረጴዛው ገበታ አይታይም፤ የሚታየው ወደ እኛ የተንጠለጠለው ምንጣፍ ነው። ሬምብራንት ሥዕሉ ከፍ ብሎ እንደሚሰቀል አስቦ ከታች ወደ ላይ እንደሚታይ አድርጎ ሠርቶታል። ይህን ያልተገነዘበ ሰው ሳያውቀው የጠረጴዛውን ገበታ ትንሽ ያሳያል፤ ያኔ ሰዎቹ ሁሉ የሰመጡ ይመስላሉ። ራሶቹም በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ አልተደረደሩም፤ ከግራ ሁለተኛው ሰው ከወንበሩ ሊነሣ ወይም ሊቀመጥ ሲል ጎንበስ ያለ ነው፤ መስመሩን የሰበረው እሱ ነው። ሥዕሉ በኤክስሬይ ሲመረመር ሬምብራንት ራሱ የሰዎቹን አቀማመጥ፣ በተለይ የአገልጋዩን ቦታ፣ ደጋግሞ እንደለዋወጠ ታይቷል። የእያንዳንዱ ራስ ቦታ ብዙ የታሰበበት ስለሆነ በግማሽ ሳንቲም ሜትር ብትስቱ እንኳ ያስታውቃል።

የራይክስ ሙዚየም ድረ ገጽ ሥዕሉን በከፍተኛ ጥራት በነጻ ያወርዳል። ሁለት ጊዜ አሳትሙት፦ አንዱን በቀለም፣ አንዱን በጥቁርና ነጭ፤ ሁለቱም የምትሠሩት ሸራ መጠን ይሁኑ። ከስልክ ወይም ከኮምፒውተር ስክሪን ላይ ብቻ እያያችሁ አትሥሩ። ስክሪን ብርሃን ከውስጡ ስለሚያወጣ ጥላው ሁሉ የፈካ ይመስላል፤ በቀለም ልትደርሱበት አትችሉም። ስክሪን የሚጠቅመው አጉልቶ የብሩሽ ምልክት ለማየት ነው።

የሬምብራንትን ቀለም በዓይን ማየት የምትችሉ እዩ። ዋሽንግተን ዲሲ ያላችሁ፣ ናሽናል ጋለሪ ኦፍ አርት መግቢያው ነጻ ነው፤ እዚያ ያለው እ.ኤ.አ. በ1659 የሣለው የራሱ ምስል ከጨርቅ መርማሪዎቹ ጋር በአንድ ዘመን የተሠራ ነው። ለንደን ያላችሁም በናሽናል ጋለሪ የ1669ኙን የራሱን ምስል በነጻ ማየት ትችላላችሁ። ከጎን ሆናችሁ ተመልከቱ፤ ግንባሩ ላይ ቀለሙ የተቆለለ ሲሆን ጥላው ግን ስስ ነው። ይህ ልዩነት በወረቀት ኅትመት ላይ አይታይም።

ሸራው

የመጀመሪያው ሥዕል ቁመቱ 191.5 ሳ.ሜ.፣ ወርዱ 279 ሳ.ሜ. ነው። አንድ ሦስተኛው፣ ማለትም 64 በ93 ሳ.ሜ.፣ ለመማር ምቹ ነው። ፊቶቹ በግምት 7 ሳ.ሜ. ይሆናሉ፤ ከዚያ ካነሱ በጠንካራ ብሩሽ መሥራት አይቻልም፣ ተማሪውም በቀጭን ብሩሽ እየላሰ ያበላሸዋል።

የተልባ እግር ሸራ ከተገኘ መልካም፤ ካልተገኘ ጠንካራ አቡጀዲ በእንጨት ፍሬም ላይ ተወጥሮ ይበቃል። አክሪሊክ ጄሶ (ለሸራ መሠረት የሚሆን ነጭ ቅብ) ሦስት ጊዜ ቀቡት፤ አንዱ ሲደርቅ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት እያሻሻችሁ ሌላውን ድገሙ፣ አንዱን አግድም፣ ሌላውን ቁልቁል። የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ በጆንያ የሚሸጠው ጄሶ ለዚህ አይሆንም፤ በተወጠረ ጨርቅ ላይ ይሰነጣጠቃል። ሽፋኑ የሚያስፈልገው ለውበት አይደለም፤ ዘይት ጨርቁን በቀጥታ ከነካው ከጊዜ በኋላ ክሩን ያበሰብሰዋል።

ነጭ ሸራ ላይ አትጀምሩ። በርንት አምበር (ጠቆር ያለ ቡናማ) እና ጥቂት አይቮሪ ብላክ (ጥቁር) በአኳራጅ አቅጥናችሁ መላ ሸራውን ቀቡና በጨርቅ ጥረጉት፤ ከመካከለኛ ትንሽ የጠቆረ ግራጫ ቡናማ ይሁን። በነጭ ላይ የተቀመጠ ማንኛውም ቀለም ጥቁር ስለሚመስል ተማሪው ፈርቶ ጥላውን ያፈካዋል። በቡናማ ላይ ግን ብርሃኑም ጥላውም ወዲያው ቦታቸውን ይይዛሉ። ሁለት ቀን አድርቁት።

ቀለምና መሣሪያ

ስምንት ቀለም ይበቃል፦ ቲታኒየም ዋይት፣ የሎ ኦከር፣ ካድሚየም ሬድ ላይት፣ በርንት ሲየና፣ በርንት አምበር፣ ሮው አምበር፣ ፐርማነንት አሊዛሪን ክሪምሰንና አይቮሪ ብላክ። ነጩን 200 ሚሊ ሊትር፣ ሌሎቹን ከ37 እስከ 40 ሚሊ ሊትር በሚይዘው ቲዩብ ግዙ፤ በርንት አምበሩ ሁለት ይሁን። ሰማያዊ የለም፤ አያስፈልግምም። ጥቁርና ነጭ ተቀይጦ ከሞቃት ቡናማ አጠገብ ሲቀመጥ ዓይን ሰማያዊ ነው ብሎ ይቀበለዋል። ሬምብራንት ራሱ የእርሳስ ነጭና ከሜርኩሪ የሚሠራ ቨርሚሊየን ይጠቀም ነበር፤ ሁለቱም መርዝ ስለሆኑ በቲታኒየምና በካድሚየም እንተካቸዋለን። ካድሚየምም ቢሆን እየበላችሁ የምትሠሩበት፣ ሲደርቅ አሻሽታችሁ አቧራውን የምትተነፍሱት ነገር አይደለም።

ከብሩሽ ጠፍጣፋ የአሳማ ጸጉር ቁጥር 4፣ 8 እና 12፤ ለስላሳ ክብ ቁጥር 2 እና 4፤ አንድ ሰፊ ለስላሳ ብሩሽ። ዘይቱ ለሥዕል የተጣራ የተልባ ዘይት ይሁን። ለምግብ የሚሸጠው የተልባ ዘይት ስላልተጣራ ዘግይቶ ይደርቃል፣ ይበልጥም ቢጫ ይሆናል። የወይራና የፓልም ዘይት ደግሞ ጨርሶ አይደርቁም።

ካሬ ማስመርና ማሸጋገር

በኅትመቱና በሸራው ላይ 9.3 ሳ.ሜ. ስፋት ያላቸው ካሬዎች አስምሩ። በአግድም 10 ካሬ ይሆናል፤ ከላይ ወደ ታች 6 ሙሉ ካሬና ከታች 8 ሳ.ሜ. የሚያህል ትራፊ ይቀራል። ራሶቹ ያሉባቸውን ካሬዎች እንደገና በ3.1 ሳ.ሜ. ከፋፍሏቸው። በኖራ ጠመኔ አስምሩ፤ እርሳስ ከዘይት ቀለም ሥር ከዓመታት በኋላ ብቅ ይላል።

በከሰል ስትነድፉ ዓይንና አፍንጫ አትሣሉ። መጀመሪያ የባርኔጣዎቹን ጠርዝ፣ የኮሌታዎቹን ሦስት ማዕዘን፣ የምንጣፉን ማዕዘን ብቻ አስቀምጡ። ከዚያ በራሶቹ መካከል ያለውን የግድግዳ ቅርጽ ተመልከቱ፤ በሁለት ባርኔጣ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ከትክክለኛው ጋር ከተመሳሰለ ራሶቹም ትክክል ናቸው። ሥዕሉንና ኅትመቱን ገልብጣችሁ አስተያዩ። የቀረውን የከሰል ዱቄት በደረቅ ጨርቅ አራግፉ፤ ካልተራገፈ የመጀመሪያውን ቀለም ያጨቀየዋል። ትክክለኛውን መስመር በቀጠነ በርንት አምበር አጽኑት።

የመጀመሪያው ንብርብር

በዚህ ደረጃ የሚሠራው በአምበርና በነጭ ብቻ ነው፤ ቀለሙ በአኳራጅ ይቅጠን፣ ዘይት አይጨመርበት። ጥላውን አምበር አድርጉት፤ መካከለኛውን የሸራው መሠረት ይያዘው፤ ነጭን በብርሃኑ ላይ ብቻ በትንሹ አኑሩ። ዓይናችሁን አጥብባችሁ ጥቁርና ነጭ ኅትመቱን ከሸራው ጋር አስተያዩ። ዓይን ሲጠብ የሰዎቹ ልብስ፣ ወንበሩና የጠረጴዛው ሥር አንድ ትልቅ ጥቁር ቅርጽ ሆኖ ይዋሐዳል፤ በላዩ ላይ ፊቶቹና ኮሌታዎቹ ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄድ የብርሃን ሰንሰለት ይሆናሉ። ሸራችሁ ላይ ይህ ካልታየ ወደ ቀለም አትለፉ፤ በኋላ የሚመጣ ምንም ቀለም አያድነውም።

እዚህ አይቮሪ ብላክን ለብቻው አትጠቀሙ። አምበር በውስጡ ማንጋኒዝ ስላለው በአንድ ሁለት ቀን ይደርቃል፤ አይቮሪ ብላክ ግን ብዙ ዘይት የሚጠጣና ሳምንትም የሚፈጅ ነው። ዘግይቶ በሚደርቅ ንብርብር ላይ ቶሎ የሚደርቅ ከተቀባ የላዩ ደርቆ ሲቆም የታችኛው ገና ስለሚንቀሳቀስ ላዩ ይሰነጠቃል። ሕጉ አንድ ነው፦ ከታች ዘይቱ ትንሽ፣ ወደ ላይ ሲወጣ እየጨመረ። የመጀመሪያው ንብርብር ቀለምና አኳራጅ፤ ሁለተኛው ከቲዩብ እንደወጣ፤ ሦስተኛው የተልባ ዘይት 1 እጅ ከአኳራጅ 1 እጅ ጋር ተቀላቅሎ ጥቂት ጠብታ የተጨመረበት። በክረምት አየሩ ቀዝቃዛና እርጥብ ስለሚሆን የማድረቂያውን ጊዜ አራዝሙ፤ በጣት ሲነካ የማይያዝ ቢመስልም በጥፍር ሲጫኑት ምልክት ከተወ አልደረቀም።

ጥቁሩ

ከሥዕሉ ግማሽ የሚጠጋው ጥቁር ነው። ተማሪው ከቲዩብ ጥቁር አውጥቶ ከሞላው፣ ሸራው ላይ ስድስት ቀዳዳ የተከፈተ ይመስላል። ሦስት ጥቁር ቀይጡ። ለጥላው አይቮሪ ብላክ 1 እጅ፣ በርንት አምበር 2 እጅ፣ በስሱ። ብርሃን ለሚያርፍበት ትከሻና የባርኔጣ አናት ጥቁር 2 እጅ፣ ሮው አምበር 1 እጅ፣ ነጭ በቢላ ጫፍ። ለጥልቁ ጥቁርና አሊዛሪን እኩል በእኩል፤ ይህን በጥቂት ቦታ ብቻ፣ ከኮሌታ ሥርና ከባርኔጣ ጠርዝ በታች።

ባርኔጣዎቹን በቅርብ አጉልታችሁ እዩ። ብርሃን በሚመጣበት በኩል ጠርዛቸው ከግድግዳው ተለይቶ ይነበባል፤ በጥላው በኩል ግን ከግድግዳው ጋር ይቀልጣል። ይህን ለማግኘት ግድግዳውና ባርኔጣው ገና እርጥብ እያሉ ደረቅ ለስላሳ ብሩሽ በጠርዙ ላይ አንድ ጊዜ አሳልፉ፤ ሁለተኛ አትድገሙ። ሁሉም ጠርዝ እኩል ከተሳለ ባርኔጣዎቹ ከወረቀት ተቆርጠው የተለጠፉ ይሆናሉ። ከባርኔጣው ሥር ያለው የግንባር ጥላም ጥቁር አይደለም፤ ከፊት የሚመለስ ሞቃት ብርሃን ስላለ በርንት ሲየና ጨምሩበት።

ጥቁሩ ሲደርቅ እዚህም እዚያም ደብዝዞ ግራጫ ይሆናል። ዘይቱን የታችኛው ንብርብር ስለጠጣው ነው እንጂ ቀለሙ አልተሳሳተም። አጥቁራችሁ አትደግሙት። የተልባ ዘይትና አኳራጅ እኩል ቀላቅላችሁ በንጹሕ ጨርቅ በጣም በስሱ አሹት፤ ትርፉን ጥረጉ። እውነተኛው ጥቁር ተመልሶ ሲመጣ ታያላችሁ።

ፊቶቹ

አራት ደረጃ ቀይጡ፣ ለስድስቱም የሚበቃ፤ እያንዳንዱ ክምር የዋልነት ፍሬ ያህል ይሁን። ለብርሃን ነጭ 6 እጅ፣ የሎ ኦከር 2፣ ካድሚየም ሬድ ሩብ። ለመካከለኛ ነጭ 3፣ ኦከር 3፣ ካድሚየም ሬድ ግማሽ፣ አምበር በቢላ ጫፍ። ወደ ጥላ ለሚዞረው ኦከር 2፣ በርንት ሲየና 1፣ ጥቁር ግማሽ፣ ነጭ ግማሽ። ለጥላ በርንት አምበር 2፣ በርንት ሲየና 1፣ ነጭ ፈጽሞ የለም። ጥላ ውስጥ ነጭ ከገባ ፊቱ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል፤ የጀማሪ ሥራ በሩቁ የሚታወቀው በዚህ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ስድስቱም ፊቶች ላይ ጥላውን ብቻ አስቀምጡ። ከዚያ ወደ ግራው ሰው ተመልሳችሁ መካከለኛውን ለሁሉም። ብርሃኑን መጨረሻ ላይ። ከክምሩ የተረፈውን በፕላስቲክ ሸፍናችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጡ፤ ለሁለት ሦስት ቀን ያገለግላል፣ ቅይጡም አይለወጥም። የዓይን ነጭ ነጭ አይደለም፤ ከፊቱ መካከለኛ ቀለም የሚለየው በጥቂት ግራጫ ብቻ ነው። በንጹሕ ነጭ የተሠራ ዓይን ያፈጠጠ ሰው ያደርገዋል።

አገልጋዩን ለብቻው አስቡት። ባርኔጣ ስለሌለው ግንባሩ ይበራል፤ ቦታው ግን ከኋላ ነው። የእሱን ብርሃን ከፊተኞቹ በአንድ ደረጃ ዝቅ አድርጉ፣ ጠርዙንም አለስልሱ። ይህን የረሳ ተማሪ አገልጋዩን ከሹማምንቱ ፊት አውጥቶ ያቆመዋል።

ኮሌታና ምንጣፍ

ኮሌታዎቹን መጀመሪያ በሙሉ በግራጫ ሥሩ፦ ነጭ 4 እጅ፣ ሮው አምበር 1፣ ጥቁር ትንሽ። ሲደርቅ ብርሃን የሚመታውን ክፍል በነጭና በጥቂት ኦከር አንሱት። ንጹሕ ነጭ ሊባል የሚችለውን በመላው ሥዕል ላይ በጥቂት ንክኪ ብቻ፣ ብርሃኑ ፊት ለፊት በሚመታቸው እጥፎች ላይ አኑሩ። ይህ ንክኪ የተቆለለ መሆን አለበት። የቲታኒየም ነጭ ከቲዩብ ሲወጣ ለስላሳ ስለሆነ የኖራ ጠመኔ ዱቄት ሩብ እጅ ጨምራችሁ በቢላ አሹት፤ እንደ ቀዘቀዘ ቅቤ ይጠጥራል፣ የብሩሹንም ምልክት ይይዛል። አንድ ጊዜ አኑራችሁ እጃችሁን አንሱ፤ የተነካካ ነጭ ከታቹ ጋር ተቀላቅሎ ይሞታል።

ምንጣፉ የዚህ ሥዕል ደስታ ነው፤ ጊዜ ስጡት። ሁለት ሥራ አለው። መጀመሪያ ካድሚየም ሬድ፣ በርንት ሲየናና ኦከር በተለያየ መጠን እየቀየጣችሁ በቁጥር 8 ብሩሽ ወፍራም አድርጋችሁ በአጫጭር ንክኪ ደርድሩ፤ ንድፉን መስመር በመስመር አትከተሉ፣ የቀይና የወርቃማ ነጠብጣብ ይበቃል። ብርሃኑ በምንጣፉ የጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ስለሚያርፍ እዚያ ይበልጥ ቆልሉ። በዚህ ጊዜ ምንጣፉ ያለ ልክ ደማቅ ይሆናል፤ አትደንግጡ። ቢያንስ ሁለት ሳምንት አድርቁት። ከዚያ አሊዛሪንና በርንት ሲየና እኩል፣ የዘይትና የአኳራጁ ድብልቅ እስኪያሳልፍ ድረስ ጨምራችሁ፣ በሰፊው ለስላሳ ብሩሽ በላዩ አልብሱት። ወዲያው በጨርቅ ከላይ ከላዩ ጥረጉት። ጥቁሩ ቀይ በጉድጓዶቹ ውስጥ ይቀራል፣ ጉብታዎቹ ይጠረጋሉ፤ ቀለሙ የጨርቅ ክር መምሰል ይጀምራል። ንብርብሩ ሳይደርቅ ይህን የሞከረ ሰው ግን የታችኛውን ቀይ ነቅሎ በጨርቁ ላይ ያገኘዋል። በጥላ ወዳለው የምንጣፉ ክፍል ሲሄዱ ያው ሽፋን አምበር ተጨምሮበት ይደገማል።

ከጨረሳችሁ በኋላ

በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨማዶ ከተቀመጠ እየደረቀ ይሞቃል፤ በራሱ ሊቃጠል ይችላል። በየቀኑ ውኃ ውስጥ ንከሩት ወይም ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት፤ በከረጢት ጠቅልላችሁ ቤት ውስጥ አታሳድሩት።

ቫርኒሽ ከስድስት ወር በፊት አይቀባም፤ ነጩና ምንጣፉ ወፍራም ከሆኑ አንድ ዓመት መጠበቅ ይሻላል። ሥዕሉን እስከዚያ ብርሃን በሚያገኝ ቦታ አኑሩት፤ ጨለማ ውስጥ የተቀመጠ የተልባ ዘይት ቢጫ ይሆናል። የሬምብራንትን ፊርማ አትቅዱ። ከሸራው ጀርባ በማይጠፋ ቀለም «ከሬምብራንት የተቀዳ»፣ ስማችሁንና ዓመተ ምሕረቱን ጻፉ።